ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ፤ የፎም ዐይነትና የቀለም ምርጫ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ይገኛል። ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ያረጀና የተሰበረ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ያድሳል፤ ትእዛዝ ሲያገኝም ባዶውን ዘንግ ከውጭ አገር አስመጥቶ፣ እጀታውንና የክር ቀለበቶቹን ራሱ ገጥሞ፣ በደንበኛው እጅ ልክ ሠርቶ ያስረክባል። ይኸው ነጋዴ በቅርቡ ለአንድ ጊዜ ማዘዣ የሚበቃ የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ከተፈቀደለት በኋላ ትእዛዙን ሳይልክ ሦስት ሳምንት ቆየ። ያዘገየውም የሻጩ ዋጋ አልነበረም፤ ለእጀታ የሚሆነውን ፎም በምን ዐይነት፣ በምን እፍጋትና በምን ቀለም እንደሚያስመጣ መቁረጥ ስላቃተው ነው።

ነገሩ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ጀምሮ፣ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን የማያስታውስ አስመጪ የለም። ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ሲከርም የሚበላው ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ ነው። ትልቁ አስመጪ ስሕተቱን በሌላ ዕቃ ትርፍ ይሸፍነዋል፤ የለቡው ባለሱቅ ግን መሸፈኛ የለውም።

በአገራችን ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በአብዛኛው በመረብ የሚያዝ መሆኑ የታወቀ ነው። በዐቢይ ጾም ጊዜ ፈላጊው ሲበዛ ቆሮሶውንና አምባዛውን ከጣና፣ ከዝዋይና ከሌሎች ሐይቆች የሚያቀርቡት አጥማጆች ዘንግ የሚያስፈልጋቸው አይደሉም። ዘንግ ፈላጊው ሌላ ነው። በጫሞ ሐይቅ ትልቁን የናይል ፐርች ለመያዝ የሚሄደው እንግዳና እንግዳውን የሚመራው አስጎብኚ፣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀውን ትራውት የሚያጠምደው ሰው፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሐዋሳ የሚወርደው የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ እንዲሁም ከውጭ አገር ሲመለስ ዘንጉን ይዞ የገባው ወገን፣ የለቡው ነጋዴ ደንበኞች እነዚህ ናቸው። ቍጥራቸው ብዙ ባይሆንም ስለ ዕቃው ጥራት የሚጠይቁ ናቸውና ቸል የሚባሉ አይደሉም። ደግሞም ከአዲስ ዘንግ ይልቅ ብዙ ሥራ የሚመጣው ከእድሳት ሲሆን፣ ከዘንግ ላይ አስቀድሞ የሚያረጀው እጀታው ነው።

የቀድሞው እጀታ ቡሽ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ቀጭን ዘንግ ለሚይዙ ትራውት አጥማጆች ከቡሽ የሚበልጥ የለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቡሽ ቀላል ነው፤ በብርድ ጧት እጅን አያቀዘቅዝም፤ የዓሣውን ትንሽ ንክሻ እስከ መዳፍ ያደርሳል ይባላል። ይሁን እንጂ የቡሽ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ያህል ሲሞላው ነው፤ ከዚያም በኋላ በየ9 ዓመቱ እንጂ አይላጥም። ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉን የምታቀርበው ፖርቱጋል ስትሆን፣ የተመረጠው ልጥ ወደ ወይን ጠርሙስ መክደኛ ይሄዳል። ለዘንግ እጀታ የሚቀርበው ርካሹ ቡሽ ቀዳዳው የበዛ፣ ቀዳዳውም በቡሽ ብናኝና በሙጫ የተደፈነ ነው፤ ሲሸጥ ያማረ ይመስላል፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ግን ድፍኑ እየረገፈ ጉድጓዱ ይታያል። ደንበኛው ያን ጊዜ የሚመለሰው ወደ ሻጩ ነው።

ስለዚህ አሁን በብዛት የሚሠራበት በተለምዶ ኢቫ የሚባለው ፎም ነው። ኢቫ ከኢቲሊንና ከቪኒል አሲቴት የሚሠራ ሲሆን፣ የአየር ዐይኖቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ በመሆናቸው ውኃ አይጠጣም። የቪኒል አሲቴቱ መጠን ከፍ ባለ ቍጥር ፎሙ እየለሰለሰ ወደ ጎማ ባሕርይ ይጠጋል። ሁለተኛው ለስላሳው ጥቁር ፎም ነው፤ የዘንግ ሠሪዎች እስከ ዛሬ ሃይፓሎን ይሉታል። ሃይፓሎን የዱፖንት ኩባንያ የንግድ ስም የነበረ ሲሆን፣ ኩባንያው ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ስላቆመ በዚህ ስም ዕቃ የሚያቀርብ ሻጭ ሲገኝ በእርግጥ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል። ለስላሳው ፎም ተለጥጦ በዘንጉ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለሚገባ መግጠሙ ቀላል ነው። እፍጋቱ ከፍ ያለው ኢቫ ግን እምብዛም አይለጠጥም፤ ዘንጉ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የእጀታው ቀዳዳ በዚያው ልክ በሞረድ መስፋት አለበት። ይህን ቸኩሎ የሠራ ሰው እጀታው በዘንጉ ላይ ሲሽከረከር ያገኘዋል። ከባድ ዓሣ በያዘ አጥማጅ እጅ ውስጥ እጀታ ቢዞር ደግሞ ዓሣውም ይሄዳል፣ የሠሪውም ስም ይሄዳል።

ሦስተኛው የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዐይኖቹ ክፍት ስለሆኑ ውኃውንም የዓሣውን ልጋግም ይጠጣል፣ ይሸታልም።

በሦስቱ ሳምንት መካከል ነጋዴው ወደ መርካቶ ወርዶ፣ በሸራ ተራ የጫማ ሥራ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገብቶ ነበር። ናሙናውን ከኪሱ ሲያወጣ አንድ ወጣት ጫማ ሠሪ በጣቱ ጫን ብሎ፣

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የእኛው ሶል ነው! ለምን ከውጭ ታመጣለህ?» አለው።

ወጣቱ የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። የጫማው ሶልም የዘንጉም እጀታ ከአንድ ወገን ናቸው። ነገር ግን ለሶል የሚውለው ኢቫ እግር ተሸክሞ እንዲከርም የተሠራ በመሆኑ ለመዳፍ የከበደና የደረቀ ነው፤ ዋጋውን ለማርከስ ድንጋይ መሰል ዱቄት የተጨመረበትም ይገኛል። ነጋዴው ሁለት ቁራጭ ገዝቶ ቶርኖ ላይ ቢሞክረው አንዱ ጥሩ ሆነለት፣ ሌላው ግን በብርጭቆ ወረቀት ሲዳሰስ እየተፈረፈረ አስቸገረው። ስለዚህ ሶሉ ከእጀታው በታች ለሚገባው መጨረሻ ጉልላት ይሆናል እንጂ ለሙሉ እጀታ አይሆንም ብሎ ተመለሰ። ይህችም ጉልላት ብትሆን ከውጭ ሳትመጣ መቅረቷ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ፎም የሚመጣው በሁለት መልክ ነው፤ ተቦርቡሮና ቅርጽ ወጥቶለት ያለቀ እጀታ፣ ወይም ጥሬው ሰሌዳ። 1 ሜትር በ2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላላቸው እጀታዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲቆረጥ 150 አራት ማዕዘን ቁራጭ ይወጣዋል፤ መጋዙ የሚበላው ከዚህ ይቀነሳል። ከዚያም ባለ 4 ሳንቲ ሜትሩ ቁራጭ ውፍረቱ 3.2 ሳንቲ ሜትር ወደ ሆነ ክብ እጀታ በቶርኖ ሲወርድ፣ የከፈሉበት ፎም ግማሹ ትቢያ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። ሰሌዳ ርካሽ ነው የሚል ሁሉ ይህን አስቦ ይናገር። (ትቢያውም ለሳንባ ስለማይበጅ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን መሥራት የለበትም።)

የማጓጓዣው ነገርም የራሱ ጠባይ አለው። በአየር የሚጫን ዕቃ ከክብደቱና ከሚይዘው ስፍራ በሚበልጠው ይታሰባል፤ የተለመደውም ሒሳብ 6,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ተቆጥሮ ነው። በዚህ መሠረት 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ ፎም በሚዛን 120 ኪሎ ቢሆንም የ167 ኪሎ ይከፈልበታል። ለስላሳ ፎም በአውሮፕላን ማስመጣት አየር መግዛት ነው ማለት ይቻላል። በመርከብ ሲመጣ በሌላ ሰው ኮንቴይነር ውስጥ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ባቡሩ ለቡ ድረስ መንገደኛ ያመጣል እንጂ ኮንቴይነሩ እንደ ሞጆ ባለ ደረቅ ወደብ ስለሚራገፍ፣ የጣቢያው ጎረቤት መሆን ለነጋዴው በዚህ ረገድ ያተረፈለት ነገር የለም። ፎም በከባድ ዕቃ ሥር ተጭኖ በቆላ ሙቀት ውስጥ ከሰነበተ ተጨፍልቆ ሊቀር ስለሚችል፣ ከላይ እንዲጫን በውሉ ላይ ማስጻፍ ይገባል።

ለጉምሩክም አስቀድሞ መዘጋጀት ይበጃል። ያለቀ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በታሪፉ 95.07 በሚለው አንቀጽ ሥር ሲገባ፣ የፕላስቲክ ፎም ሰሌዳ በ39.21፣ የጎማ ፎም በ40.08፣ ከተፈጥሮ ቡሽ የተሠራ ዕቃ በ45.03 ይመደባል። ሻጩ በደረሰኙ ላይ «ፎም» ብሎ ብቻ ከጻፈ ፕላስቲክ ይሁን ጎማ መጋዘን ውስጥ ሊያከራክር ስለሚችል፣ ከምን እንደተሠራ በግልጥ እንዲጽፍ ማድረግና ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ትራንዚተሩን ማማከር ብዙ ቀን ያተርፋል።

የቀረው ቀለም ነው፤ ነጋዴውን በእውነት ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። የሻጩ የናሙና ሰሌዳ ከሃያ የሚበልጥ ቀለም የያዘ ሲሆን፣ ሰማያዊው፣ ብርቱካኑና ነጩ ዐይን ይስባሉ። ጥቁሩ ግን የዓሣ ደምና ልጋግ፣ የጀልባ ሞተር ቅባትም ቢነካው አያሳፍርም፤ በውስጡ ያለው የከሰል ጥቀርሻም ከፀሐይ ይጠብቀዋል። የፀሐይ ነገር በእኛ አገር የሚናቅ አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ቀለም የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ለመስኮት የተሰቀለ ቀይ እጀታ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ፈጥኖ ይገረጣል። ነጋዴው ይህን ለማወቅ የየቀለሙን ናሙና ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ በሱቁ የቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣ። በሦስተኛው ሳምንት ካርቶኑን ሲያነሣው ብርቱካኑና ሮዛው ሁለት መልክ ነበራቸው፤ ጥቁሩና ግራጫው ግን ልዩነታቸው አይታይም ነበር። እነዚያኑ ናሙናዎች በሚዛን መዝኖ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደራቸውና ጧት ጠርጎ ቢመዝናቸው፣ ከአንዱ በቀር ክብደት የጨመረ አልነበረም። ያ አንዱ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ነበር።

ከውጭ አገር የመጡ ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለበት ያለበትን እጀታ ነው። ይህ የሚሠራው ስስ የፎም ክቦችን ደርድሮ በማጣበቅና ከዚያ በቶርኖ በማለስለስ ሲሆን፣ ሙጫው ከፎሙ ስለሚጠጥር በየመጋጠሚያው ጠርዝ ሆኖ እንዳይቆምና መዳፍ እንዳይቆረቁር እጅግ ስስ ተደርጎ መቀባት አለበት። ደግሞም ከተለያየ ጊዜ ምርት የመጣ አንድ ቀለም ሁልጊዜ አንድ ዐይነት አይሆንም። ዛሬ የተሸጠ ዘንግ ከሁለት ዓመት በኋላ ለእድሳት ሲመለስ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ላይገጥም ይችላል፤ በጥቁር ግን ይህ ችግር እምብዛም አይታይም።

በመጨረሻ ነጋዴው ከገንዘቡ ሦስት አራተኛውን ለጥቁር ኢቫ አዋለው፤ ይህንንም በግማሽ ያለቀ እጀታ፣ በግማሽ ሰሌዳ አድርጎ፣ እፍጋቱን በኪሎ በሜትር ኩብ አስጽፎ አዘዘ። ከቀረው ለግራጫና ለሦስቱ የቀለበት ቀለሞች ስስ ሰሌዳ፣ እንዲሁም ለትራውት አጥማጆች ጥቂት የተመረጠ ቡሽ ጨመረ። ብርቱካኑንና ነጩን ተወ። ጣራ ላይ ከሰነበቱት ናሙናዎች መካከል የተሸፈነውን የየመረጠውን ቀለም ግማሽ ቆርጦ ቍጥር ጽፎበት፣ አንዱን ለሻጩ ላከ፣ አንዱንም ዕቃው ሲመጣ ለማስተያየት በመሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እጀታቸው የተላጠ አሥራ አንድ ዘንጎችም የየባለቤታቸው ስም ተንጠልጥሎባቸው ግድግዳው ላይ ተደርድረው ዕቃውን ይጠብቃሉ።