ከጥረዛ በፊት የማይነገራችሁ

እንጅባራ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚታተምባቸው ቤቶች በአንዱ ስለምሠራ ይህቺን በጆሯችሁ ልበላችሁ፦ ቀመራችሁ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እናንተ ስትጽፉት ሳይሆን እኛ ስናሳምረው ነው።

ማስረከቢያው ሲቃረብ ቤቱ ይጨናነቃል፤ መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ ሁሉም ይጣደፋል። ተማሪው ፍላሹን ሰጥቶ «ፎንቱ በሙሉ ታይምስ ይሁን ተብሏል» ይላል። ጸሐፊዋ ኮንትሮል ኤ ትጫናለች፣ ፎንቱን ትቀይራለች፣ አለቀ። በዎርድ ኢኩዌሽን የገባ ቀመር ይህን ይችለዋል። ጉዱ ያለው ሲምቦል በሚባለው የቆየ ፎንት በተመታ የግሪክ ፊደል ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ሲግማ ማለት ኤስ ቁልፍ ነው፤ ሚዩ ደግሞ ኤም። ፎንቱ ሲቀየር ሲግማ ተራ ኤስ ሆኖ ቁጭ ይላል። በስታቲስቲክስ ደግሞ ሲግማ የጠቅላላው ሕዝብ፣ ኤስ የናሙናው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። ሁለቱም ቦታው ላይ ያምራሉ፤ አማካሪውም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ባዶ ሳጥን ቢሆን ኖሮ እሰየው ነበር፣ ሳጥን ዓይን ውስጥ ይገባል።

አናቱ የተቆረጠ ክፍልፋይ ካያችሁ ደግሞ ማተሚያውን አትውቀሱ። ገጽ ለመቆጠብ የመስመሩ ርቀት «ኤግዛክትሊ» ተደርጎ ነው፤ ያን አንቀጽ ብቻ ወደ «ሲንግል» መልሱት፣ አናቱ ብቅ ይላል።

ከቀድሞ ተመራቂ ፋይል የቀዳችሁት ቀመር ይታያል እንጂ አልታረም ካለ፣ «ኮምፒውተሩ ቫይረስ አለበት» ለሚላችሁ ብር አትክፈሉ። ማይክሮሶፍት የድሮውን ኢኩዌሽን ኤዲተር ለጠላፊዎች በር ስለከፈተ በጥር 2010 ዓ.ም. ከኦፊስ አውጥቶታል። ማትታይፕ በሚባል ፕሮግራም ሊታረም ይችላል፤ ካልሆነ እንደገና መጻፍ ነው።

በላቴክ የሚጽፉት የሒሳብ ልጆች ግን ፒዲኤፍ ይዘው ይመጣሉ፤ አትመን ጠርዘን እንሸኛቸዋለን። ከነሱ የማስተካከያ ሒሳብ አይገኝም፣ ባለቤቶቹ ብዙም አይወዷቸውም።

እናንተም በዎርድ ብትጽፉ ፒዲኤፉን በራሳችሁ ኮምፒውተር አውጥታችሁ ኑ፣ የዎርዱን ፋይል ለማንም አትስጡ። ከጥረዛ በፊት ቀመር ያለበትን ገጽ ሁሉ ስልካችሁ ላይ ከያዛችሁት ፒዲኤፍ ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰለ እንዳትከፍሉ።