ከጮሌ እስከ ሙኔሳ፦ ትልልቅ ጥድ የሚገነድሱ እጆች

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት የጥድ ወገኖች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ጥድና ዝግባ። የአርሲ ገበሬ የመጀመሪያውን ጋቲራ፣ ሁለተኛውን ብርብርሳ ይለዋል። ጥድ ብርዱን ችሎ እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ዝግባ ከሱ ዝቅ ብሎ እርጥበት የያዘውን ተዳፋት ይመርጣል። ሲመቻቸው 40 ሜትር የሚደርሱ ዛፎች ናቸው። በአርሲዋ ጮሌ ዙሪያ እንዲህ ያለ ቁመና ያለው ጥድ ለማየት ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የመቃብር ቦታ ወይም ማረሻ የማይደርስበት ገደል መፈለግ ነው። የቀረው ደጋ ስንዴና ገብስ ሆኗል። የአርባጉጉ ደን በደርግ ዘመን ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተለዩት 58 አገር አቀፍ ደኖች አንዱ እንደነበር የሚያስታውስም ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በአርሲ ትልቅ ዛፍ መገንደስ ሲባል በአብዛኛው የሚወራው ስለ ፈረንጅ ጥድ ነው። ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት አሮጌዎቹ አገር በቀል ዛፎች የት እንደገቡ ማየቱ አይከፋም።

የጥድን እንጨት ምስጥ አይደፍረውም። ምሰሶው፣ በሩ፣ የአጥሩ ቋሚ እሱ ነበር። በመጥረቢያ አንድ ትልቅ ጥድ መጣል ብዙ ላብ ስለሚጠይቅ ሰው የሚቆርጠው ለሚሠራው ቤት የሚበቃውን ያህል ነበር። ይህን ልክ ያፈረሰው የእንጨት መሰንጠቂያው ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በሙኔሳ በኩል መሰንጠቂያዎች ሲተከሉ ዝግባው ጣውላና ሞራሌ እየሆነ ይጫን ጀመር። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ በኋላም በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ደን ቀድሞ ለደረሰ ሆነ። ከዚህ በኋላ ተከታታይ ሕጎች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን ያለፈቃድ መቁረጥን ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 542/1999 ደግሞ ከመንግሥት ደን ያለፈቃድ ዛፍ በሚቆርጥ ሰው ላይ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ብር ቅጣት ጣለ። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለየ። ክልከላው ለአሮጌዎቹ ዛፎች ዘግይቶ ነው የደረሰላቸው፤ ያም ሆኖ ባይመጣ ኖሮ የቀሩትም አይኖሩም ነበር።

የፈረንጅ ጥድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ግንዱ ቀጥ ይላል፣ በ25 እና በ30 ዓመት መካከል ለመሰንጠቂያ ይደርሳል። በአርሲ በኩል በስፋት የተተከለው በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ሲሆን ዛሬ የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ዛፉ የሚሸጠው በቁሙ ነው። ውፍረቱ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ይለካል፣ በሜትር ኩብ ይሰላል፣ ጨረታ ይወጣል፤ ያሸነፈው ነጋዴ ቆራጮቹን ይዞ ይመጣል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ፦ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ አጣና ይሰጣል። ጥድ፣ የአገሩም የፈረንጁም፣ አያቆጠቁጥም። አንዴ ከተጣለ ሥሩም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

ሥራው የሚጀመረው መጋዝ ሳይነሳ ነው። ቆራጩ ዛፉን ይዞረዋል። ጫፉ ወዴት ያዘነብላል? ቅርንጫፉ በየት በኩል ከብዷል? ላዩ ላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ደረቅ እንጨት አለ ወይ? ከዚያ በግንዱ ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ መንጥሮ መሸሻውን ያዘጋጃል። መሸሻው ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ግን በሰያፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሮጥን ሰው የግንዱ ሥር ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ያገኘዋል።

ቀጥሎ እንዲወድቅ በተፈለገበት በኩል ግንዱ ላይ አፍ ይከፈታል፤ ጥልቀቱ ቢበዛ የውፍረቱ ሩብ ነው። በመጨረሻ ከጀርባው፣ ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪና አዋቂ የሚለየው። ጀማሪ ጥርግ አድርጎ መቁረጥ ይፈልጋል። አዋቂው ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆነውን ሳይነካ ይተወዋል፤ ያ የቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ አፉ ያስተኛዋል። ማጠፊያው በአንድ ጎን ከሳሳ ዛፉ ይዞራል፤ ጨርሶ ከተቆረጠ ዛፉ ጌታ የለውም። ክብደቱ ወደ ኋላ መጥቶ መጋዙን ቀርቅሮ እንዳይዘው ሽብልቅ ይመታበታል። እንጨቱ መንጣጣት ሲጀምር መሄድ ነው። ስቲልም ይሁን ሁስቅቫርና፣ መጋዙ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ካልተላቀቀ እዚያው ይቅር።

ወደ ፊት አብዝቶ ያዘነበለ ዛፍ ሌላ ጣጣ አለው። ከጀርባው ሲቆረጥ ሳያልቅ ቁመቱን ይሰነጠቅና የኋላው ግማሽ ተፈንጥሮ ወደ ቆራጩ ይነሳል። ሲወድቅ ጎረቤቱ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ከሥሩ ገብቶ መቁረጥን ያህል ሞኝነት በዚህ ሙያ የለም። አገር በቀሉ አሮጌ ጥድ ከሁሉም ይብሳል። ግንዱ ሸንተረር የበዛበት ነው፤ ልቡን የሚያበሰብስ ፈንገስም አለ፤ ከውጭ ጤነኛ የመሰለ ከውስጥ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ነፋስ ያጋደለውን ወይም ጣሪያ ላይ የዘመመውን ጥድ በፈቃድ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ በመጥረቢያው ጀርባ መትቶ ያዳምጠዋል። ባዶ ከሆነ ማጠፊያ የሚሆን እንጨት የለውም፤ ስለዚህ ገመድ፣ ተጨማሪ ሰው፣ ሰፊ ሜዳ ያስፈልገዋል። በፈረንጅ ጥዱ ላይ ደግሞ የመጣው ጥቃቅን ቅማል መሳይ ተባይ ቆሞ የደረቀ ዛፍ አብዝቷል፤ የደረቀ ጫፍ በመጋዙ ንዝረት ብቻ ተሰብሮ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ እውቀት በጉልበት ሥራ ስም የሚከፈል መሆኑ ነው የማይዋጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ለአገሪቱ የደን ባለሙያ አፍርቷል፤ መጋዝ የሚጨብጠው ሰው ግን ሙያውን የሚማረው ከቀደመው ሰው እጅ፣ አንዳንዴም ከደረሰበት ጉዳት ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሚያወጣው የሞት አደጋ ዝርዝር ዛፍ ቆራጭነት ዘወትር ከፊተኞቹ ተርታ ነው፤ ያውም ሄልሜት፣ የጆሮ መከላከያና ሰንሰለት የሚያቆም ሱሪ በተለመደበት አገር። ስዊድንና ፊንላንድ አብዛኛውን ቆራጭ ከመሬት አንስተው ማሽን ውስጥ አስቀምጠውታል። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1998 የደን ሥራ ደኅንነት መመሪያ አውጥቷል። የአርሲ ተዳፋት ለእንዲህ ያለ ማሽን አይመችም፣ አቅሙም የለም፤ ሄልሜትና ሱሪው ግን የአቅም ጉዳይ አይመስለኝም። በሜትር ኩብ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ሊታሰብ የሚችል ወጪ ነው።

ጉዳዩ ከቆራጩ ሕይወትም ያልፋል። ፈየራ ሰንበታና ባልደረቦቻቸው በሙኔሳ ሻሸመኔ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ በተተከለው የውጭ ዛፍ ጥላ ሥር አገር በቀል ችግኞች ራሳቸው እየበቀሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። እየተመናመነ የመጣው አገር በቀል ዛፍ ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው ማለት ነው። ችግኙ ያለው ግን ጨረታ የሚወጣበት ዛፍ ሥር ነው። ባለ 30 ሜትር የፈረንጅ ጥድ ወዴት እንደሚተኛ፣ ግንዱ በየት በኩል እንደሚጎተት የሚወስነው በዚያን ጊዜ መጋዙን የያዘው ሰው ነው፤ ችግኝ ያለበትን ጎን ትቶ በባዶው በኩል ለመጣል ሽብልቅና ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቀዋል። በወደቀው ሜትር ኩብ ልክ የሚከፈለው ከሆነ ያንን ሰዓት የሚሰጥበት ምክንያት የለውም።