ፍቅር ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ከመካከላችን ትምህርቱን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀረው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንዱ የሥራ ነው፤ ሁለተኛው ከወላጅ በኩል የሚመጣው «መቼ ነው የምንድርህ?» የሚለው ነው። (ለእኅቶቻችንማ ጥያቄው እስከዚያም አይታገሥም።) በዚህ ምክንያት በመኝታ ቤቶቻችን የሚነሣው ክርክር ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። ግማሹ «ፍቅር የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ዘንድ ጋብቻ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው» ሲል፥ ግማሹ ደግሞ ወላጅ የመረጠውን ማግባት ኋላ ቀርነት ነው ይላል። ሁለቱም ወገን ነገሩን በቅጡ አልመረመረም ብንል የሚቀየመን አይኖርም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ፍቅር የፈረንጅ ነው የሚለውን አስቀድመን እንመልከት። ዊልያም ጃንኮቪያክና ኤድዋርድ ፊሸር የተባሉ ሁለት የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፥ ስለ 166 ኅብረተሰቦች የተጻፈውን መርምረው በ147ቱ ዘንድ የፍቅርን ምልክት አግኝተዋል። እንግዲህ መውደድ የሰው ልጅ ሁሉ ነው። የሚለያየው፥ በዚህ መውደድ ላይ ጎጆ ይቀለሳል ወይስ አይቀለስም የሚለው ነው።

የጃፓን ታሪክ ይህን አጥርቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ወንድ 30፥ ሴት 25 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። አገናኙ ሽማግሌ «ናኮዶ» ይባላል፤ የአንዱን ወገን ፎቶግራፍና የቤተሰብ ታሪክ ለሌላው ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ «ኦሚአይ» በተባለው ሥርዓት፥ ቤተ ዘመድ ባለበት ይተያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ግን በ24ኛው አንቀጽ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት አዘዘ። ሕግ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ልማድ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ተዋዶ የሚጋባው ሰው በሽማግሌ ከሚጋባው የበለጠው ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1959 አልጋ ወራሹ አኪሂቶ በቴኒስ ሜዳ የተዋወቋቸውንና ከመሳፍንት ወገን ያልሆኑትን ሚቺኮ ሾዳን ማግባታቸው ለወጣቱ ድፍረት ሳይሰጥ አልቀረም። (እኛም ከጃፓን ጋር ልንዛመድ ጥቂት ቀርቶን ነበር፤ ኩሮዳ ማሳኮ የተባሉ የመሳፍንት ልጅ ለልጅ አርአያ አበበ ታጭተው ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1934 ሳይሆን ቀረ።)

በአገራችንም ቢሆን መልኩ አንድ አይደለም። አማራው ሰባት ቤት ቈጥሮ ከዘመድ እንዳይጋባ ይጠነቀቃል፤ አፋሩ ግን በ«አብሱማ» ሥርዓት የአባቱን እኅት ልጅ እንዲያገባ ይጠበቅበታል። አንዱ ነውር ያለው ለሌላው ግዴታ ነው። በሰማንያ ጋብቻ ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ከብትና ንብረት ተቈጥሮ በሰው ፊት ውል ይሆናል፤ ባልና ሚስት ካልተስማሙም በሽማግሌ ተካፍለው ይፋታሉ። ቍርባን ግን አይፈታም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚቈርበው በሰማንያ ብዙ ዘመን ኖሮ፥ ልጅ ወልዶ፥ አንዱ የሌላውን ጠባይ ለይቶ ካወቀ በኋላ ነበር። ይህን ልብ ይሏል፤ ፈረንጅ አስቀድሞ ወዶ ቃል ኪዳን ሲገባ፥ አያቶቻችን አስቀድመው ተዋውለው የማይፈርሰውን ቃል ኪዳን ለኋላ ያቈዩት ነበር። ፍቅር አያውቁም ነበር የሚለን ወዳጃችን ይህን ምን ይለዋል?

ይሁን እንጂ ይህን ሥርዓት ሳንመረምር ልናሞግሰው አይገባም፤ ውሉን የሚዋዋሉት አባቶች ሲሆኑ፥ የምትዳረው ብዙ ጊዜ ገና በጨዋታ ላይ ያለች ሕፃን ነበረች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ቢጠይቅም የሴቲቱን ዕድሜ 15 ዓመት አደረገ፤ መተጫጨትንም የሁለት ቤተሰብ ውል አድርጎ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎ የመተጫጨቱን ውል አስቀረው።

በወረቀት ላይ የቤተ ዘመድ ድርሻ በዚሁ አበቃ። ዛሬ በከተማችን ተዋደው፥ ቀን ቈርጠው፥ አዳራሽ ተከራይተው የጨረሱ ጥንዶች ግን ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ልጅቱ አባት ቤት ይልካሉ። አባትዮውም ሁሉን እያወቁ «እስቲ ከቤተ ዘመድ ጋር መክረን እንመልስላችኋለን» ብለው ለሌላ ቀን ይቀጥሯቸዋል።