እንግዳም ድምፅ አለው

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ርዕስ የመራጮች ምዝገባ ነው። እገሌን ምረጡ፣ እገሌን ተዉ አንልም፤ ያ የእያንዳንዱ ሰው ውሳኔ ነው። የምንናገረው ከሌላ ቦታ መጥተው በመካከላችን እየኖሩ «እኛ እንግዳ ነን፤ ምርጫው የአገሬው ነው» በማለት ከመዝገብ ስለሚቀሩ ወንድሞችና እህቶች ነው።

የሐይቅና የአምባሰል ሰው ስደትን ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ እጅግ ብዙ ቤተሰብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎች አካባቢዎች በሰፈራ ሄደ። እዚያው ጎጆ ቀለሰ፣ ወልዶ ከበደ። በተለይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን በወለጋ በደረሰው ጥቃት ብዙዎች ዘመድ ቀብረው፣ ንብረት ጥለው ወደ ወሎ ተመለሱ። በርካቶቹም በሐይቅ አቅራቢያ በጃሪ መጠለያ ሰፈሩ። በአያቶቻቸው አገር እንግዳ ተባሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ደግሞ እንግዳ ተቀባዩም ራሱ ቤቱን ጥሎ ወጣ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው የመምረጥ መብት አለውን? አዎን፣ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መብቱን ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ልዩነት ይሰጣል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ መራጭ ኢትዮጵያዊ እንዲሆን፣ 18 ዓመት እንዲሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። የት ተወለድክ፣ ዘርህ ምንድን ነው አይልም። ተፈናቃዮችን የሚያስተናግዱ ልዩ የምርጫ ጣቢያዎች የሚቋቋሙበትንም መንገድ አስቀምጧል። ዝርዝሩን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በሚያወጣው መመሪያ መከታተል ያስፈልጋል።

በወሎ ወደ መንደር የገባ ሰው ቅሬ ይገባል። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ስሙ ይጻፋል፤ ሲሞት ይቀበራል፣ ሲያዝን ይጽናናል። ማንም «እመለስ ይሆናል» ብሎ ቅሬ ሳይገባ አይቆይም፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥምና። የውሃ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጉዳይም እንዲሁ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለ እነዚህ የሚወስነው ምክር ቤት የሚቆመው በመራጮች ድምፅ ነው። ስሙ ያልሰፈረ ሰው ችግሩ ከማንም ቢበልጥም በምርጫው ቀን የለም።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ መዲናን እናስታውስ። ሙሃጂሮች ከመካ ንብረታቸውን ጥለው ሲመጡ አንሷሮች ወንድም አድርገው ተቀበሏቸው። ሙሃጂሩም «እንግዳ ነኝ» ብሎ ከከተማዋ ጉዳይ አልራቀም፤ በሹራውም በሥራውም ተካፈለ። ብዙ ዑለማዎችም ድምፅ መስጠትን በምስክርነት ይመስሉታል። አላህም በሱረቱል በቀራ ቁጥር 283 ምስክርነትን መደበቅን ከልክሏል። ስለዚህ ድምፅን በገንዘብ መሸጥ ወይም ብቁ አለመሆኑን እያወቁ ለዘመድ ብሎ መስጠት በአላህ ፊት የሚያስጠይቅ ነው።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚሉም አሉ። የተመኘነው ሁሉ ይፈጸማል ብለን አንዋሽም። ሆኖም በአገራችን ሕግ በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች ሁሉ ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። መቶ ቤተሰብ በአንድነት ሲቀር የሚያተርፈው ችግሩን የማያውቅለት ተመራጭ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ መታወቂያና መሸኛ ምርጫ እስኪደርስ አይጠበቅ። ወረቀቱ በመንገድ የጠፋበት ሰው አስቀድሞ ቀበሌውን ይጠይቅ፤ አከራዩና ጎረቤቱም ነዋሪነቱን በእውነት ይመስክሩለት። ሁለተኛ፣ ባል ለሚስት፣ አባት ለልጅ አይመዘገብም። እናቶችና እህቶች በራሳቸው እግር ሄደው የራሳቸውን ካርድ ይያዙ፤ ወንዶችም ልጅ በመያዝ ያግዟቸው። ሦስተኛ፣ ከአምባሰል ወጥቶ በኮምቦልቻ ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው በሚኖርበት ይመዝገብ፤ ሁለት ቦታ መመዝገብ ሕግ መጣስም፣ አማናን ማጉደልም ነው። አራተኛ፣ ካርዱ ተጠብቆ ይቀመጥና በምርጫው ቀን ይያዝ።

በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ በጅዳና በቤይሩት የሚሠሩ ልጆቻችን ባሉበት ሆነው መምረጥ አልቻሉም። ቤት የቀረነው ብንተወው የቤተሰቡ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል።

የመስጊድ ኢማሞቻችን የምዝገባውን ቀን ከጁሙዓ በኋላ ያስታውቁ፤ የቅሬ ሰብሳቢዎችም ለመጤው ቤት በር ያንኳኩ። እንግዳን መቀበል ማብላትና ማስጠለል ብቻ አይደለም፤ ከሰው ተርታ ስሙ እንዲጻፍ ማገዝም ነው።

አላህ ለአገራችን ሰላምን፣ ለተፈናቀሉት መመለሻን፣ ለሁላችንም ፍትሕን ይስጠን። አሚን።