የመስቀል ብር የት ያድራል?

መስከረም ከባተ ሳምንት ሲያልፈው መርካቶ እቃ ሊጭን የሚመጣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ የለመደው መደብር ተዘግቶ ቢያገኘው አይገረምም። ባለቤቱ አገር ቤት ገብቷል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ዱቤ ያለበት ሂሳቡን ለመዝጋት ሲሯሯጥ፣ ዱቤ የሰጠም ብሩን ለመሰብሰብ ስልክ ሲደውል ይሰነብታል። የጥድፊያው ምክንያት አንድ ነው፤ መስቀልን ጉራጌ ገብቶ መዋል።

እንደሚታወቀው ደመራው መስከረም 16፣ በዓሉ መስከረም 17 ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2013 የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የዚህ ገጽ ጉዳይ ግን ብሩ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ጉራጌ የሚገባው ሰው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ነው የሚገባው። ያ ብር የሚያርፈው የት ነው? ከበዓሉ በኋላስ ስንቱ እዚያው ይቀራል?

በቤተሰብ ደረጃ ያለው ዝግጅት እንከን አይወጣለትም። እናቶች ቅቤውን በእቁብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። አባወራዎች ለሰንጋው የሚሆነውን በየወሩ ያስቀምጣሉ። ለበዓሉ የሚቀርበው ቆጮ ከወራት በፊት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነው፤ እንሰት ደግሞ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። ቤቱ ይለቀለቃል፣ ጣባው ይወርዳል፣ የጎመን ክትፎው ምሽት፣ ደንጌሳቱና የእርዱ ቀን በየተራቸው ይመጣሉ። የተጣላ ሳይታረቅ መስቀልን አይበላም ስለሚባል ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቀጠሮ አላቸው። ይህን ያህል የተሰላ የቤት በጀት ብዙ ኩባንያ የለውም።

ቀጠሮ የሌላት ከተማዋ ናት።

ከወልቂጤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን እምድብርን፣ ወይም አገናንና ጉንችሬን የመሰለች አነስተኛ ከተማ እናስብ። እንበልና ለመስቀል አንድ ሺህ ቤተሰብ ከውጭ ገባባት፤ እያንዳንዱም 50,000 ብር አወጣ። ቁጥሩ ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው፤ አንባቢ በራሱ ቤት ወጪ ሊተካው ይችላል። ድምሩ 50 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አሁን መቀነስ እንጀምር። መኪና የተከራየው አዲስ አበባ ነው። ነዳጁ የተሞላው ሰበታ ወይም ወሊሶ ነው፤ ምሳም እዚያው ተበልቷል። ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ስኳሩ፣ ፓስታው፣ ለስላሳው ከመርካቶ ተጭኖ መጥቷል። ቢራው የፋብሪካ ነው። አንዳንዱ ቅቤውን እንኳ የሚገዛው አዲስ አበባ ነው፤ ቅቤው ከጉራጌ በነጋዴ ወጥቶ፣ ሁለት ሦስት እጅ አትርፎበት፣ በልጅየው መኪና ተመልሶ ጉራጌ ይገባል። ከዚያ ላይ ሙዝና ዘይት ካልተቀላቀለበት ነው። ለከተማዋ የሚቀራት የሰንጋው ከፊል፣ የበጉ፣ የቆጮው፣ የማገዶውና የሻይ ቤቱ ገቢ ነው።

ሰንጋውም ቢሆን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከእርዱ በፊት ባሉት አንድ ሁለት የገበያ ቀናት ነው። በዚያን ቀን ገዥው መኪናውን አቁሞ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት፣ ሰዓቱን እያየ ይቆማል። ደላላ ይህን ካየ ሌላ ምን ይፈልጋል? በዚያ ላይ የሚገዛው በዓይን ግምት እንጂ በሚዛን አይደለም። ጭማሪው ግን አርቢው ኪስ አይገባም፤ አርቢው በሬውን የሸጠው ቀደም ሲል ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ደብተር ባስጨነቀው ጊዜ ነው። ገዥው በውድ ገዛ፣ አርቢው በርካሽ ሸጠ፤ ልዩነቱ መሐል ላይ ቀረ።

መድኃኒቱን የመርካቶ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በየቀኑ የሚሠራበት ስለሆነ፤ ቀብድ ይባላል። የአንድ ሰፈር ተወላጆች ሰኔ ላይ ሃምሳ ሰንጋ ብለው ቢያዙ፣ ሲሶውን በቀብድ ቢከፍሉ፣ በከተማዋ ያሉ ወጣቶች በዚያ ብር ገዝተው ሦስት ወር ያደልባሉ። ርክክቡ መስከረም 12 ወይም 13 ይሆናል። በሬው ቢሞት ኪሳራው የማን እንደሆነ፣ የደላላው ድርሻ ስንት እንደሆነ በምስክር ፊት ይጻፋል። ደላላው ከሥራው አይፈናቀልም፤ በአንድ ቀን ጭንቀት የሚያገኘውን ሦስት ወር ሠርቶ ያገኘዋል። ቅቤውም ቆጮውም ቡላውም በዚሁ መንገድ ሊታዘዝ ይችላል።

ይህ እንዳይሆን ያደረገው የሰው እጥረት አይደለም። ኮሚቴ ሞልቷል። ችግሩ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ የሚወሰነው ደግሞ የቲሸርቱ ቀለም፣ የድምፅ ማጉያው ኪራይና የክብር እንግዳው ማንነት ነው። ለመስቀል ያልደረሰ ቀሚስ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል። መኪናው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ እንኳ ሳይነሳ በዓሉ ይደርሳል። ውጤቱ ጀፎረው ላይ ይታያል። ያ ሰፊ የመንደር መንገድ አባቶች በባህል ሕግ አጥር እንዳይገፋው፣ እርሻ እንዳይነካው ሲጠብቁት የኖሩ የጋራ ሜዳ ነው። ክረምቱ ገና ሳይደርቅ አርባ ኮብራና ሚኒባስ ሲነዳበት ሣሩ ተገልብጦ ጭቃ ይሆናል። ከከተማው ዳር አንድ ሜዳ ጠጠር አልብሶ በክፍያ ማስቆም ለአሥር ወጣት የሳምንት ሥራ ነው።

በዚህ ነገር ከእኛ ቀድሞ የተጨነቀ አለ። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ገዥ የነበረው ፍራንክ ሮሊንስ፣ ወጣቱ ወደ ምዕራብና ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈልሶ እርሻው ባዶ ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የወጡት ሁሉ የሚመለሱበትን ሳምንት አስጀመረ። በየመንደሩ ኮሚቴ ተቋቁሞ ለተበተኑት ተወላጆች የጥሪ ደብዳቤ ተላከ። ገዥው የጠራቸው እንዲበሉና እንዲጠጡ ብቻ አልነበረም። የተዘጋውን የእርሻ ቤት ገዝተው የበጋ መኖሪያ እንዲያደርጉት፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት እጃቸውን እንዲዘረጉ ነበር። ብዙዎቹም አደረጉት። ሮሊንስ በሙያው ከባንክ ሥራ የመጣ ሰው መሆኑን ማንሳት ይገባል።

እኛም ዘንድ ቢሆን ከበዓል ያለፈ ነገር መሥራት አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ባሉ ተወላጆች መዋጮ ቆሞ መንገድ ያወጣ ድርጅት ነው። ያ መዋጮ ግን ክትፎ ቀርቦ፣ ማጉያ ተከፍቶ፣ በይሉኝታ የተሰበሰበ አልነበረም፤ በየቤተሰቡና በየአገሩ ተመድቦ የተሰበሰበ ነው። ዛሬ በመስቀል ማግስት መድረክ ላይ ቃል የሚገባው ሰው ኪሱ የተራቆተው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ቃሉ ሲገባ ይጨበጨባል፤ ጥቅምት ላይ ስልኩ አይነሳም። ጥያቄው ከሰንጋው ቀብድ ጋር ሰኔ ላይ ቢቀርብ የተለየ መልስ ያገኝ ነበር።

ባለሀብቱ ሌላም የሚያሰላው ነገር አለ። ለመስቀል ብቻ ተብሎ ሆቴል አይሠራም፤ በዓመት አንድ ሳምንት የሚሞላ አልጋ ብድር አይከፍልም። ሆኖም ሙስሊሙ ጉራጌ ለዐረፋ እንዲሁ አገሩ ይገባል። ዐረፋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከመስቀል ጋር ለረጅም ዓመታት አይገጥምም። ሁለቱም እምነት ባለባቸው ከተሞች ወቅቱ ሁለት ነው ማለት ነው። በክስታኔ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ወጣቱ በየገበያው የሚገናኝበት አዳብና አለ። መኪና ማቆሚያው፣ ቄራው፣ የውኃ ታንከሩ፣ የሚከራየው የግለሰብ ክፍል ለሁሉም ያገለግላል። ገንዘብም ዛሬ በቴሌብርና በባንክ ስልክ ስለሚንቀሳቀስ ትዕዛዝና ቀብድ ለመላክ ሰው መጓዝ የለበትም።

መቸኮል የሚያስፈልግበት ምክንያት ግን ከሁሉም የከበደ ነው። የዛሬው ነጋዴ ጉራጌ የሚገባው እናቱ በር ላይ ቆማ ስለምትጠብቀው ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ልጁ ግን ቋንቋውን በግማሽ ይሰማል፤ አያቱ ሲያልፉ ቤቱ ይቆለፋል። የተቆለፈ ቤት ቅቤ አያዝም፤ ሰንጋም አይገዛም። ልጁ ማረፊያ፣ የሚያውቀው ሰውና በስሙ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥራ ካላገኘ መስቀልን አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ይውላል። ያን ጊዜ ከተማዋ የምታጣው በመቶኛ የሚቆጠር ቅናሽ ሳይሆን ደንበኛውን ራሱን ነው።

አንድ ቀላል መጀመሪያ አለ። በበዓሉ ሰሞን የሚታረደው ከብት ቆዳ ዋጋው ወድቋል በሚል በየአጥሩ ሥር ይበሰብሳል። እርዱ በሚውልበት ቀን ጨው ይዞ፣ አንድ መጋዘን ተከራይቶ፣ ከቤት ቤት የሚሰበስብ ሰው ቢኖር በአንድ ቀን በመቶ የሚቆጠር ቆዳ በእጁ ይገባል። ትርፉ ትንሽ ነው። የጨው ዋጋና የጭነት ሂሳብ ከወልቂጤ እስከ ሞጆ ፋብሪካዎች ድረስ ቀድሞ መሰላት አለበት፤ ፋብሪካው የሚቀበልበት ዋጋም ጨው ከመገዛቱ በፊት በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ቢያዝ ይመረጣል።