ፕሮስታግላንዲን አጥፊው ኢንዛይምና ጠቋሚው አንቲቦዲ

በወሎዋ ደጎሎ አንዲት ላም እንድትደራ ፕሮስታግላንዲን ብትወጋ፣ መድኃኒቱ በእንቁላል ዕጢዋ ላይ ያለውን ቢጫ አካል ያከስመዋል፤ ላሟም ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ኮርማ ትፈልጋለች። እርጉዝ ከሆነች ግን ልትጨነግፍ ትችላለች። ስለዚህ አዳቃዩ መርፌውን ከማንሳቱ በፊት ጓንቱን አጥልቆ ማህፀኗን በእጁ ይመረምራል። ውጤቱ ቀናት ቢፈጅም ተፈጥሯዊው ፕሮስታግላንዲን ራሱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ደሙ አንዴ በሳንባ ሲያልፍ አብዛኛው ይጠፋል።

የዚህ ጥፋት ዋናው ባለቤት 15-ፒጂዲኤች የተባለ ኢንዛይም ነው። ላምና በግ ይህን የሚያልፉበት አስደናቂ መንገድ አላቸው፤ ከማህፀን የሚወጣው ደም መልስና ወደ እንቁላል ዕጢ የሚሄደው ደም ቅዳ ተጠማዘው ስለሚጓዙ፣ ማህፀን ያመነጨው ፕሮስታግላንዲን ሳንባ ሳይደርስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኢንዛይሙ በሰውም ብዙ ያሳስባል፤ በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ የኢንዛይሙ ዘረመል የተበላሸባቸው ሰዎች የጣታቸው ጫፍ እንደሚያብጥ አሳይቷል።

ኢንዛይሙ የት የት እንዳለ የሚያሳየን እሱን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኢንዛይሙ ወይም ቁራጩ ጥንቸል ላይ ይወጋል፤ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ደሟ ተቀድቶ አንቲቦዲው ይጣራል። ተመራማሪው የቲሹውን ፕሮቲኖች በጄል ላይ በክብደታቸው ይለያል፣ ወደ ስስ ወረቀት መሰል ሽፋን ያሻግራቸዋል፣ አንቲቦዲውን ያፈስበታል። ቀጥሎ ጥንቸሏ የሰጠችውን አንቲቦዲ የሚይዝ፣ ብርሃን እንዲፈጥር የተዘጋጀ ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል። ኢንዛይሙ ካለ 29 ኪሎዳልተን አካባቢ መስመር ይወጣል።

መስመር መውጣቱ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። ዘረመሉ ሆን ተብሎ በጠፋበት ሕዋስ ላይም ያው መስመር ከታየ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ፕሮቲን ነው። ለእኛ አገር ተመራማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ለገበያ ከሚቀርቡት አንቲቦዲዎች ብዙዎቹ የተፈተኑት በሰውና በአይጥ ቲሹ እንጂ በላም ወይም በበግ አይደለም። በሰው ኢንዛይም የተሠራው የላሟን ላያውቀው ይችላል። ደሴ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክፍል ይህን ኢንዛይም በላም ማህፀን መመርመር የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ከማህፀን ናሙና በፊት ከቄራ ትኩስ የላም ሳንባ አምጥቶ አንቲቦዲውን ይሞክርበት እላለሁ። ኢንዛይሙ በብዛት በሚገኝበት በሳንባው ላይ መስመሩ ካልወጣ ውድ የሆነውን የማህፀን ናሙና አያባክንበት፤ ሌላ አንቲቦዲ ይፈልግ።