የዛፍ ይዞታ ከመሬት በታች

በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ቤት ገዝተው የተቀመጡ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል በርካታ ወገኖቻችን፣ የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ በበረታ ጊዜ በጓሯቸው የመዋኛ ገንዳ ለማሠራት ሲያስቡ አስቀድመው የሚጠይቁት የገንዘቡን መጠን ነው፤ ቀጥለውም የተቋራጩን ችሎታ ይመረምራሉ፤ በጓሮው ጥግ ወይም ከአጥሩ ማዶ በጎረቤት ይዞታ ውስጥ ከእነርሱ ቀድሞ የቆመውን ታላቅ ዛፍ ግን የሚያስታውሱት ብዙውን ጊዜ የመቆፈሪያው መኪና ሥሩን በጣጥሶ ካለፈ በኋላ ነው። ገንዳ የሚቆፍር ሰው ስለ ምን ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ ዛፉም ስለ ምን በሕግ እንደ ተጠበቀ ለመረዳት፣ ከሕጉ በፊት የሥርን ጠባይ ማወቅ ይገባል።

ብዙ ሰው ዛፍ ወደ ላይ የቆመውን ያህል ሥሩም ወደ ታች የሚጠልቅ ይመስለዋል፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ቆፍረው ያረጋገጡት ግን ሌላ ነው። የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር የሚበዛው እጁ የሚገኘው ከ60 ሳንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ ዳርቻ አልፎ እጅግ ርቆ ይዘረጋል። ሥር ሕያው አካል እንደ መሆኑ መጠን ይተነፍሳልና ኦክስጂን ያስፈልገዋል፤ ኦክስጂኑም የሚገኘው በላይኛው ልል አፈር ነው። ጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ ጠጣር ሳይሆን በአየርና በውኃ የተሞላ ረቂቅ ቀዳዳ ነው፤ በዚያም ውስጥ የቀጠኑት የሥር ጫፎች ከፈንገስ ክሮች ጋር ተዋሕደው ይኖራሉ፤ ፈንገሱ ውኃንና ፎስፎረስን ከአፈር ለቅሞ ለዛፉ ያቀብላል፤ ዛፉም ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ስኳር ለፈንገሱ ያካፍላል።

የገንዳ ሥራ በዚህ ማኅበር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው። ፊተኛው መቈረጥ ነው፤ ሁለት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ በዚያ ወገን ያለውን ሥር ጨርሶ ይቈርጣል፤ ቁፋሮውም ከግንዱ ስፋት ሦስት እጥፍ ወደሚሆነው ርቀት ከቀረበ፣ ዛፉን በነፋስ ፊት ያቆመው ወፍራም ሥር ስለሚነካ፣ ዛፉ በቤት ጣራ ላይ እስከ መውደቅ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው መጠቅጠቅ ነው፤ ከባድ መኪና ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢመላለስ ትልልቆቹን የአፈር ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ያልተቈረጠውም ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል። ሦስተኛው መቀበር ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር በሥሩ ላይ ሲከመር ያንኑ ትንፋሽ ይከለክለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጉዳቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው፤ እንደ ባሉጥ ያለ ዛፍ በግንዱና በሥሩ ባከማቸው ስታርች እየተደጎመ ለጥቂት ዓመታት ለምልሞ ይቆይና፣ ተቋራጩ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደና ሥራውም ከተረሳ በኋላ ከጫፉ ጀምሮ መመናመን ይጀምራል፤ ባለቤቱም ድርቅ ወይም በሽታ ያመጣው ይመስለዋል።

ሳይነካ ሊቀር የሚገባውን መሬት ለማወቅ የዛፍ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልክ ቀላል ነው። በአሜሪካ ግንዱ ከመሬት አራት ጫማ ተኩል ከፍ ተብሎ ይለካና፣ ለእያንዳንዱ ኢንች የግንድ ስፋት ቢያንስ አንድ ጫማ በየአቅጣጫው ይተዋል። በብሪታንያ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የግንባታ መለኪያ ደግሞ የግንዱን ስፋት 12 እጥፍ ያዛል፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ነውና ሁለቱ አገሮች የደረሱበት ልክ አንድ ነው። ዙሪያው 100 ኢንች የሆነ ባሉጥ ስፋቱ 32 ኢንች ያህል ስለሆነ፣ የሚጠበቅለት ክልል ከግንዱ በየአቅጣጫው 10 ሜትር ገደማ፣ በጠቅላላውም ወደ 300 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መሬት ነው፤ ይህም ከብዙ የከተማ ጓሮዎች ይሰፋል።

ባለይዞታ በገዛ መሬቱ የሚሠራውን ሥራ በቀጠና ደንብ መወሰን በአሜሪካ የጸናው ኒው ዮርክ በ1916 መላ ከተማዋን የሚገዛ ደንብ ካወጣች በኋላ ነው፤ ዋሽንግተን በ1920 የራሷን የቀጠና ኮሚሽን አገኘች፤ በ1926ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ በዩክሊድ መንደር ክርክር ሥልጣኑን አጸደቀው። ይህን የመሰለ ደንብ ገንዳው ከወሰን ምን ያህል እንዲርቅ፣ ከቦታውም ምን ያህሉ ውኃ የሚመጥ አፈር ሆኖ እንዲቀር ይወስናል። ዛፍን የሚመለከተው ግን ሌላ ሕግ ነው። የዋሽንግተን ምክር ቤት በ2002 ባወጣውና በ2016 ባጠበቀው ሕግ መሠረት፣ ዙሪያው ከ44 ኢንች ጀምሮ 100 ኢንች ያልሞላ ዛፍ «ልዩ ዛፍ» ይባላል፤ በግል ጓሮ የበቀለ ቢሆንም ያለ ፈቃድ አይወገድም፤ በምትኩ ተመጣጣኝ ዛፍ የማይተክል ሰውም በየኢንቹ 55 ዶላር እንዲከፍል ሕጉ ስላዘዘ፣ ለ60 ኢንቹ ዛፍ 3,300 ዶላር ይሆንበታል። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው «የቅርስ ዛፍ» ግን፣ ለአደጋ የሚያሰጋ ወይም ሕጉ ከለያቸው ጥቂት ዝርያዎች አንዱ ካልሆነ በቀር፣ ገንዘብ ተከፍሎለትም አይቈረጥም። ክልከላውም ግንድን በመጋዝ መጣልን ብቻ ሳይሆን ዛፉን ማጥፋትን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ስለዚህ ንድፉ ከመነደፉ በፊት የጓሮውም የጎረቤቱም ዛፎች ይለካሉ፤ የሥሩም ክልል በፕላኑ ላይ ይሠመራል፤ ቦታው ካልበቃ ገንዳው ያንሳል እንጂ ክልሉ አይቀነስም። መኪናው ከመግባቱ በፊት በክልሉ ዳርቻ አጥር ይተከላል፤ ሌላ መተላለፊያ ከሌለም የተፈለጠ የእንጨት ስብርባሪ በወፍራሙ ይነጠፋል። ሥር ይኖራል ተብሎ በሚጠረጠርበት ቦታ ባለሙያው በኃይለኛ የአየር ግፊት አፈሩን ብቻ ገፎ ሥሩን ይገልጠዋል፤ መቈረጥ የግድ የሆነበትም ሥር በስለታም መጋዝ ይቈረጣል፤ የመኪናው ጥርስ የቦጨቀው ግን ተሰነጣጥቆ ለመበስበስ ይጋለጣል። ገንዳው ከተሠራም በኋላ ክሎሪን ያለበትን ውኃ ወደ ዛፉ ሥር መልቀቅ አይገባም።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጥቅሙ ለአንድ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ዛፍ የከተማን ሙቀት ያበርዳል፤ ዝናቡም ቆሻሻውን ጠርጎ ወደ ፖቶማክና ወደ አናኮስቲያ ወንዞች እንዳይወርድ ያዘገየዋል፤ ዋሽንግተንም በ2032 ከመሬቷ 40 በመቶው በዛፍ ጥላ እንዲሸፈን ያቀደችው ስለዚህ ነው። በሜሪላንድ በዋይ ሚልስ የነበረው ነጭ ባሉጥ በ2002 ዐውሎ ነፋስ እስኪጥለው ድረስ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ያን ያህል ዕድሜ ያለውን ዛፍ በካሣ ችግኝ የሚተካ የለም። አባቶቻችን በየደብሩ ዙሪያ ወይራውንና ጽዱን የጠበቁት የከተማ ደንብ አስገድዷቸው አልነበረም፤ በባዕድ አገር የምንኖር ልጆቻቸውም ደንቡን እንደ ሸክም ልንቈጥረው አይገባንም። ስለዚህ ገንዳ ለማስቆፈር የምታስቡ ሁሉ፣ ተቋራጭ ከመጥራታችሁ አስቀድሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ወደ ጓሮ ውጡና ግንዱን ለኩ፤ ቤታችሁ በዋሽንግተን ከተማ ከሆነና ዙሪያው 44 ኢንች ከደረሰም የከተማውን የዛፍ ክፍል ሳትጠይቁ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አታስነሡ።